ሳህሊቱ ቀድማ የሰማችው መርዶ

ሳህሊቱ ኃይሉ በጭሮ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። አዋላጅ ነርስ ናት። ገበያ ስትወጣ አንዷ ሴት ታስቆማትና ያዘለችውን ልጅ ዞር አድርጋ፣ "ይቺን አንቺ ነሽ የተቀበልሻት፤ ረሳሻት እንዴ?" ትላታለች። ሳህሊቱ አብዛኞቹን ረስታለች። ቢሆንም "አደገች እኮ" ብላ የልጅቷን ጉንጭ ትነካለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማት የለም። ምጥ የጠናባት ሴት ስትጮህ እጇን ትይዝና፣ "ጀባዱ፣ በርቺ እንግዲህ፣ ደርሰናል" ትላለች። ባይደርሱም እንዲሁ ትላለች።

ዝምታውን የወረሰችው ከአባቷ ነው ይላሉ የሚያውቋቸው። አቶ ኃይሉ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ሚኤሶ ላይ ሐዲድ ይፈትሹ ነበር። ከንጋት ጀምሮ እጀታው የረዘመ መዶሻ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሐዲዱን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ብሎኑን መታ ያደርጉና ያዳምጣሉ። የላላውንና የጠበቀውን የሚለዩት በጆሯቸው ነው። የባቡሩ ሥራ ሲቆም ሚስታቸውን ወይዘሮ ዘርፌንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሽቅብ ወደ ጭሮ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ባቡር ሲያወሩ አልተሰሙም።

ሳህሊቱ በመስከረም 2017 ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ወደምትባል ከተማ ሄደች። ትምህርቱ የአንድ ዓመት ነው። አቶ ኃይሉ እስከ መናኸሪያ ሸኟት። ሚኒባሱ ሲነሳ እጃቸውን አላውለበለቡም፤ መስታወቱን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉና ዞረው ሄዱ። በስልክም እንደዚያው ነበሩ። "ደህና ነሽ? ብርዱስ? በይ በርቺ፤ እናትሽን ላገናኝሽ" ይላሉ፤ ከዚያ አያልፉም። አንድ ጊዜ ምን ላምጣልህ ብላ አጥብቃ ስትጠይቃቸው ብዙ አሰቡና፣ "ለማለዳ የምትሆን የሱፍ ኮፍያ" አሏት።

ሊድስ ውስጥ ሁለት ወዳጆች አገኘች። አንዷ ነጅዋ ናት። የገለምሶ ልጅ ናት፤ አባቷ እዚያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እንግሊዝ ከገባች አሥር ዓመቷ ነው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የተዋወቁት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሳህሊቱ ከወንድሟ ጋር በስልክ ስታወራ የጭሮን መናኸሪያ ስም ጠራች፤ ከኋላዋ የተቀመጠች ባለ ሒጃብ ሴት ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ "ይቅርታ እህቴ፣ ያ መናኸሪያ አሁንም እንደዚያ ጭቃ ነው?" አለቻት። ሁለተኛው አሰግድ ነው። የበደሳ ሰው ነው፤ ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከነጅዋ ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። የምዕራብ ሐረርጌ ሰው እዚያ አገር ጥቂት ስለሆነ ሦስቱ እንደ ዘመድ ሆኑ።

ነጅዋ አንድ ቀን፣ "አሥር ዓመት ኖሬ ዮርክን አላየሁም፤ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው እኮ። ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?" አለች። ረመዳን አልፎ፣ ዒድ ተበልቶ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ በአሰግድ መኪና ሊሄዱ ቀጠሮ ያዙ። ሌሊቱን የሚያሳልፉበት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያም ቀድመው ተከራዩ።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ መጋቢት 25፣ ሳህሊቱ ከቀትር በኋላ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ የጽሑፏን ማጣቀሻዎች ታስተካክል ነበር። ዐይኗን ልታሳርፍ ስልኳን ከፈተች። ፌስቡክ ላይ መጀመሪያ የመጣላት ጭሮ ሆስፒታል አብራት የምትሠራው የረዲያ ገጽ ነው። ረዲያ የሚነድ ሻማ ለጥፋለች። ከሥሩ፣ "የሥራ ባልደረባችን የሲስተር ሳህሊቱ አባት አቶ ኃይሉ ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው ሥርዓተ ቀብራቸው ትናንት ተፈጽሟል" ይላል። አሥራ አንድ ሰው ነፍስ ይማር ብሏል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ልታነበው ስትል ጽሑፉ የለም። ጠፍቷል። አንድ ሰው ለረዲያ ደውሎ፣ "ምን ነካሽ፣ ልጅቷ አልሰማችም እኮ" ብሏት መሆን አለበት።

ሳህሊቱ ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገር ላለ ሰው ደግሞ ቅርቡ ያለ ወዳጅ ይፈለጋል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ከመኝታው ሳይነሳ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነው ይባላል። የጎረቤት ልጆች መርዶ ሲነገራቸው እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተሰብሳቢዎቹ ጋር ገብታ ታውቃለች።

እንባ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ከፊት ለፊቷ የተቀመጠው ተማሪ ብስኩት ሲያኝክ ይሰማታል። ስድስት ማጣቀሻ ቀርቷት ነበር፤ እነሱን ጨረሰች። ከዚያ ወደ ቤቷ ሄዳ የቀረውን የምስር ወጥ አሙቃ በላች። ስትበላ ጣዕሙ ይታወቃት ነበር፤ ይኸ አሳፈራት።

አመሻሽ ላይ ታናሽ ወንድሟ ታምራት ደወለ። ታምራት አስተማሪ ነው፤ ከወላጆቻቸው ጋር ነው የሚኖረው።

"እቴቴ፣ እንዴት ነሽ?" ድምፁ ሻክሯል።

"ደህና ነኝ። ድምፅህ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነገር ነው። እዚህ ሁላችንንም እየዞረ ነው።"

"አባባስ?"

"እሱንም ትንሽ አሞታል። ተኝቷል።"

"በላ?"

"በልቷል። ሾርባ ጠጥቷል።"

"እማማስ?"

"ቤተ ክርስቲያን ናት። ጾም አይደል።"

ታምራት ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ነገር ይጨምራል፤ ታውቀዋለች። "እሺ፣ ሲነሳ ሰላም በልልኝ" አለችው። እንደማውቅ አውቀሃል ወይ ብላ ልትጠይቀው ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ከነገረችው አንድ ነገር መሆን ይኖርበታል፤ ማልቀስ፣ መጮህ፣ ሰው መሰብሰብ። ከእነዚህ አንዱም ውስጧ አልነበረም። ስለዚህ ስልኩን ዘጋችው።

ዓርብ ነጅዋ ደወለች። ብዙ ጊዜ ስትደውል ሰላምታውን ትታ ወደ ወሬው ነበር የምትገባው። በዚያን ቀን ግን፣ "ሳህልዬ፣ ደህና አደርሽ? እንቅልፍ እንዴት ነው? በላሽ?" አለቻት። ሳህሊቱ ነጅዋ እንደተነገራት ወዲያው ገባት። ለታምራት የክፉ ቀን ስልክ ብላ የሰጠችው የነጅዋን ቁጥር ነው።

"ነገ እንሄዳለን አይደል?" አለች ነጅዋ። "ካልፈለግሽ መተው እንችላለን።"

"ለምን እንተዋለን?" አለች ሳህሊቱ። "እንሄዳለን እንጂ።"

ለምን እንደዚያ እንዳለች በኋላ ስትጠየቅ አጥርታ መመለስ አትችልም። ብትቀር ቤቷ ብቻዋን ልትቀመጥ ነው። ብትሄድ ቢያንስ ሌላ ሰው የት መሄድ እንዳለባት ይነግራታል።

ቅዳሜ ጠዋት አሰግድ ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ። ዝናብ ነበር። እንደ ወትሮው ሬዲዮ አልከፈተም፣ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ቀልድም አላወራም። ነጅዋ ለሦስት ቀን የሚበቃ ምግብ ይዛለች፤ ጾመኞች ናቸው ብላ የምስር ሳምቡሳ፣ ቴምር፣ በፔርሙዝ ሻይ። ከተማዋን ሳይለቁ አንድ ሳምቡሳ ሰጠቻት። ሳህሊቱ በላች። ሌላ ሰጠቻት። እሱንም በላች።

"ስልክሽን አምጪ" አለች ነጅዋ ዮርክ ሲደርሱ። "ዛሬ ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። ያንቺ ካሜራ ይሻላል።"

የሳህሊቱ ስልክ አሮጌ ነው፤ ካሜራው ላይም ስንጥቅ አለው። ቢሆንም ሰጠቻት። ነጅዋ ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ፎቶውን በራሷ ስልክ ስታነሳ ዋለች።

በዮርክ ግንብ ላይ ተራመዱ። ከተማዋን የሚከባት የድንጋይ አጥር ነው፤ በላዩ ላይ መሄጃ አለው። ከግንቡ ሥር ባለው ተዳፋት ቢጫ አበባ ከዳር እስከ ዳር ፈክቷል።

"ልክ እንደ ጀጎል" አለች ነጅዋ። "ግን ጀጎል ይሻላል። ውስጡ ሰው አለበት።"

"እዚህም ሰው አለ" አለ አሰግድ።

"ቱሪስት ነው እንጂ ሰው ነው?"

ሌላ ቀን ቢሆን ሳህሊቱ ትስቅ ነበር። ነጅዋም ዞር ብላ ሳቋን ፈለገች። ሳህሊቱ ፈገግ አለች፤ ነጅዋ ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ አበባው አዞረች። የሚያዳልጥ ደረጃ በመጣ ቁጥር አሰግድ ቀድሞ ይወርድና እንደ ሕመምተኛ እጁን ይሰጣታል። እሷም እንደ ሕመምተኛ ትይዘዋለች።

ወደ ትልቁ ካቴድራል ገቡ። ሳህሊቱ ቀና ብላ የጣሪያውን ርቀት አየች፤ መስኮቶቹን አየች፤ መስኮቶቹ ቁመታቸው ጭሮ ካለ ከማንኛውም ቤት ይበልጣል። ትልቅ ነው ብላ አሰበች፤ ሌላ የመጣላት ሐሳብ የለም። ነጅዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሰግድ ሻማ ወደሚለኮስበት ሄደ። "ዛሬ መጋቢት መድኃኔዓለም ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሻማውን ለኩሶ ሲያቆም ሁለቴ ወደቀበት። ሳህሊቱ አንስታ አቆመችለት። ለማን እንደሚለኩሰው ታውቃለች። እሱ እንደምታውቅ አያውቅም። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ነበልባሉን አዩ።

ከሰዓት በኋላ እግሮቻቸው ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ወሰዷቸው። የላይኛው ፎቅ ከታችኛው ወጣ ወጣ ብሎ፣ የግራና የቀኙ ቤቶች ጣሪያቸው ሊነካካ የደረሰበት መንገድ ነው። ዱሮ የሥጋ ቤቶች ሰፈር ነበር፤ ሥጋ የሚሰቀልባቸው ሜንጦዎች አሁንም በር ላይ አሉ። አንዱ ሱቅ ኮፍያ ይሸጣል። ሳህሊቱ ገባች። አንድ ግራጫ የሱፍ ኮፍያ አንስታ በጡጫዋ ሞላችውና ስፋቱን ለካች።

"ለማን ነው?" አለች ነጅዋ።

"ለአባባ። ኮፍያ አምጪልኝ ብሎኝ ነበር።"

ነጅዋ፣ "አየር ልውሰድ" ብላ ወጣች። ሳህሊቱ በመስታወቱ በኩል አየቻት፤ ዝናቡ ላይ ቆማ የሒጃቧን ጫፍ ዐይኗ ላይ ይዛለች። ሳህሊቱ ኮፍያውን ግን ገዛችው። ልታስከፋት ወይም ልትፈትናት ብላ አልነበረም። ለቤተሰቧ የሚገዛ ነገር ዝርዝር ጽፋ ነበር፤ ኮፍያው ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ሱቁ ደግሞ እዚያው ነው።

በዚያች ሌሊት ሳህሊቱ ያለ ሕልም ተኛች። አብራት ያደረችው ነጅዋ ግን ጠዋት ዐይኗ አብጦ ነበር።

እሑድ ዝናቡ ስላላባራ አሰግድ ወደ ባቡር ሙዚየሙ እንሂድ አለ። ትልቅ አዳራሽ ነው። ጥቁርና አረንጓዴ፣ እንደ ቤት የገዘፉ የእንፋሎት ባቡሮች ተሰልፈዋል፤ ልጆች ይወጡባቸዋል፣ ይወርዱባቸዋል። በአንድ ጥግ የሐዲድ ሠራተኞች ዕቃ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድሯል፤ ፋኖስ፣ ባንዲራ፣ መፍቻ፣ እጀታው የረዘመ መዶሻ።

አሰግድ መዶሻውን አየና፣ "ይኸ ደግሞ ምን ይሠራል? ለመዶሻ እጀታው ረዘመ" አለ።

"ቆመህ ሳታጎነብስ እንድትመታበት ነው" አለች ሳህሊቱ። "በቀን ስንት ሺህ ብሎን ነው የሚመታው። ቢያጎነብስ ወገቡ ያልቃል። የጠበቀው ብሎን ድምፁ ቀጭን ነው፤ የላላው ይደፈናል። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔንም አስተምሮኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ይሆናል። ዐይንሽን ጨፍኚና ንገሪኝ ይለኝ ነበር።"

ንግግሯን ቀጥላለች። ስለ ሚኤሶ ሙቀት፣ ሐዲዱ ቀትር ላይ እንዴት እንደሚለጠጥ ትናገራለች። ሁለቱ እንደማይሰሟት ያወቀችው ነጅዋ ክንዷን ስትይዛት ነው።

"ምን አልሽ?" አለች ነጅዋ።

ሳህሊቱ ያለችውን መልሳ አሰበች። ከዚያ ገባት። በሕይወት ላለ ሰው ነፍሱን ይማረው አይባልም።

"አውቃለሁ" አለች። "ከሐሙስ ጀምሮ አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ረዲያ ለጥፋው አየሁት። ከዚያ አጠፋችው።"

"ከሐሙስ ጀምሮ?" አለች ነጅዋ። "ትናንት ግንቡ ላይ ስንሄድ? ኮፍያውን ስትገዢ?"

"አዎ።"

"ኢና ሊላሂ..." አለች ነጅዋ፤ አልጨረሰችውም።

ያለቀሰው አሰግድ ነው። መስታወቱን ተደግፎ እንደ ሕፃን ትከሻው እስኪርገፈገፍ አለቀሰ። አንዲት እንግሊዛዊት ልጇን እጁን ይዛ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደችው። ሳህሊቱና ነጅዋ አሰግድን ይዘው ወደ ካፍቴሪያው ሄዱና አስቀመጡት። ሳህሊቱ ሻይ ገዝታለት መጣች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አለ አሰግድ። "ማልቀሱ ያንቺ መሆን ሲገባው። የእኔ አባት በደሳ ሲሞት ሦስት ወር ደብቀውኛል። ሦስት ወር ሙሉ በየእሑዱ እየደወልኩ ደህና ነው ይሉኛል። ገበያ ሄዷል፣ እርሻ ሄዷል ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሳቅ እያልኩ፣ 'ይኸ ሽማግሌ አንድ ቀን ቤት አይገኝም?' እላለሁ። ለማንም አላደርገውም ብዬ ምዬ ነበር። ይኸው ትናንት ሙሉ ቀን አደረግሁት።"

"ታምራት ለምኖን ነው" አለች ነጅዋ። "ረቡዕ ደወለልኝ። ብቻዋን እንዳትሰማ፣ ሰው ተሰብስቦ ይነገራት አለኝ። የሚነግሩሽ ቄስ የሚመቻቸው ሰኞ ንጋት ነው። እኔ ቤት እንድታድሪ ነበር ያሰብነው። ጉዞውን ብንሰርዝ ደግሞ ትጠረጥሪያለሽ ብለን ነው። ወላሂ ሳህልዬ፣ ሌላ ነገር አላሰብንም።"

"ገብቶኛል" አለች ሳህሊቱ። "አልተቀየምኳችሁም።"

እውነቷን ነበር። መቀየም እንኳ የሆነ ሙቀት ይፈልጋል። ሻይዋን ቀስ ብላ ጠጣች፤ ቀዝቅዟል።

"የሰኞውን ሰው እንመልሰው?" አለች ነጅዋ።

ሳህሊቱ አሰበች። ሰዎቹ ሥራቸውን አስፈቅደዋል። እናቷም ልጄ ወግ ባለው ሁኔታ ተነገራት ሲባል ይቀልላታል። "ይምጡ" አለች። ከዚያ ከሐሙስ ጀምሮ ስትፈራው የነበረውን ተናገረች። "ግን ሲነግሩኝ ማልቀስ ካልቻልኩስ?"

ነጅዋ እጇን በሁለት እጇ ያዘች። "አንቺ ተቀመጪ። እኛ እናለቅስልሻለን።"

ወደ ሊድስ ሲመለሱ ሳህሊቱ ኮፍያውን ከነወረቀቱ አውጥታ ለአሰግድ ሰጠችው። አሰግድ መኪናውን ዳር አቁሞ በሁለት እጁ ተቀበላት። ሲሞክረው ጠበበው። ቢሆንም አላወለቀውም።

ሰኞ ንጋት ላይ የነጅዋ ቤት በር ተንኳኳ። ቄሱና ሰባት ሰዎች ገቡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሳህሊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ቄሱ ስለ ሞት ትንሽ ተናገሩና የአባቷን ስም ጠሩ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ሳህሊቱ ከዚያ በፊት አይታት የማታውቃት ሴት፣ ደረቷን እየመታች የአቶ ኃይሉን ደግነት አነሳች። ነጅዋም እንደ ቃሏ አለቀሰች። ሳህሊቱ አንገቷን ደፍታ ቆየች። "ደንግጣ ነው፤ ደርቃ ቀረች" ተባባሉ። ማንም አልታዘባትም።

ፀሐይ ወጣ ሲል ለእናቷ ደወለች።

"ነገሩሽ?" አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

"ነገሩኝ እማ።"

"ሰው አለ አጠገብሽ?"

"ሞልቷል።"

"ተመስገን" አሉ እናቷ፤ ከዚያ የአባቷን አሟሟት ነገሯት። የሞቱት በስትሮክ ነው፤ ማክሰኞ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው። ብዙም አልተሠቃዩም።

ትምህርቷን ጨርሳ በመስከረም 2018 መጨረሻ ጭሮ ገባች። የአባቷን መንፈቅ ለእሷ ሲሉ ጥቂት ቀን አቆይተውት ነበር። የዕድሩ ሰዎች እንደ አዲስ ግቢውን ሞልተው ጠበቋት፤ ሴቶቹ ገና ከባጃጁ ሳትወርድ ጩኸቱን አቀለጡት። ሳህሊቱ እናቷን አቅፋ ቆመች። እናቷ ከስተዋል። ሳህሊቱ አሁንም አላለቀሰችም። ጎረቤቶቹ ይህን አዩ፤ አንዳንዱ፣ "ፈረንጅ አገር ልብ ያደርቃል" አለ።

ከመንፈቁ ማግስት ታምራት የተዋሱትን ወንበር ሲደረድር አብራው ስታነሳ፣ "ሐሙስ ዕለት ስትደውልልኝ አውቅ ነበር" አለችው።

ታምራት የያዘውን ወንበር አስቀመጠ። "የቱ ሐሙስ?"

"አባባ ሾርባ ጠጥቷል ያልከኝ ሐሙስ።"

ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "እማማ አጠገቤ ነበረች" አለ። "ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። በላ ወይ ስትዪኝ እኔ ጠፋብኝ። በእጇ የመጠጣት ምልክት ያሳየችኝ እሷ ናት።"

ሳህሊቱ ይህን ከመስማቷ በፊት ያንን ስልክ ስታስብ የምታየው ታምራትን ብቻ ነበር። አሁን እናቷንም አየች።

"ለሌላ ጊዜ ንገሩኝ" አለችው በመጨረሻ። "የትም ብሆን፣ ምንም ቢሆን፣ ደውለህ ንገረኝ።"

"እሺ" አለ ታምራት። እንደማያደርገው ሁለቱም ያውቃሉ።

ሥራ ጀመረች። ረዲያ የመጀመሪያው ቀን መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሳህሊቱ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት፣ የዕለቱን መዝገብ አቀበለቻት፣ ሁለቱም ወደ ሥራቸው ገቡ። ሳህሊቱ ማዋለጃው ውስጥ እንደ ቀድሞዋ ናት። ቤት ስትገባ ግን ብዙ ጊዜ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እናቷ እስኪጠሯት ትቆያለች። የምታስበው ነገር የለም።

በኅዳር አንድ ጠዋት ከገለምሶ ስልክ መጣ። የሆስፒታሉ የበር ጥበቃ ኦቦ ሙሜ እናት ዐርፈዋል። ኦቦ ሙሜ ስልካቸው ተበላሽቶ ስለነበር የተደወለው ለረዲያ ነው። ቀብሩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ሠራተኞቹ መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ተሰብስበው መከሩ። እናትህ ትንሽ አሟታል ብለን እንላከው፣ ወንድሞቹ እዚያ ይንገሩት አለ አንዱ። ሌላው ምሳ ይብላና እንላከው አለ። የሚሸኘው ሰው ፍለጋ ተጀመረ።

ሳህሊቱ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። ኦቦ ሙሜ በሩ ላይ ካለችው ዳስ ውስጥ ተቀምጠው የጠያቂዎችን ምሳ ዕቃ ያያሉ። አጠገባቸው ተቀመጠች። በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኦቦ ሙሜ፣ እናትዎ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል። ቀብሩ ከአሱር በኋላ ነው። አሁን ከተነሡ ይደርሳሉ" አለቻቸው።

ኦቦ ሙሜ አዩዋት። አልጮኹም። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ቁልፉን ከወገባቸው ፈትተው ሰጧት። ኮታቸውን እሷ አንስታ አለበሰቻቸው። እስከ መናኸሪያ አብራቸው ሄዳ በገለምሶ ሚኒባስ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ አጠገባቸው ቆመች። አንድ ጊዜ ብቻ ኦቦ ሙሜ፣ "ሰማንያ አራት ዓመቷ ነበር" አሉ፤ እሷም፣ "ዕድሜ ጠግበዋል" አለች።

ስትመለስ ሠራተኞቹ አኩርፈዋት ነበር። "እንደዚህ በዱላ እንደመምታት ነገር ይነገራል?" አለች አንዷ። "መንገድ ላይ ልቡ ቢቆምስ?" ሳህሊቱ አልተከራከረችም። ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል ብላ አሰበች። ቁልፉን ለተተካው ጥበቃ ሰጥታ እጇን ታጠበች።

በሳምንቱ ኦቦ ሙሜ ከለቅሶ ተመልሰው ማዋለጃው በር ላይ ቆመው አስጠሯት። "አፈር አልብሻታለሁ" አሏት። "ፊቷንም አይቻለሁ።"

"እንኳን ደረሱ" አለች ሳህሊቱ።

ሌላ የሚሉት ነበራቸው፤ ከውስጥ ግን የምጥ ድምፅ ተሰማ፤ ኦቦ ሙሜ፣ "ሂጂ፣ ሂጂ" ብለው በእጃቸው ሸኟት።